በጋሽ መርጋ ተረት ውስጥ የሰመጠው ሞኝ

በተረት ያደገ ሰው ሁሉ ተረት ነጋሪውን በፍቅር ያስታውሳል ይባላል። እኔ ግን ልጅ ሳለሁ ማታ ማታ ተረት ይነግረን የነበረውን ሰው እጠላው ነበር። ከሞተ በኋላም፣ ዛሬ ስለሱ ስጽፍ፣ አንቱ ልለው እጄ አይታዘዘኝም።

ሰውየው የአባቴ እህት፣ የአክስቴ የዘነበች ባል ጋሽ መርጋ ነው። አባቴ በቀለ የሞተው መልኩን እንኳ ሳልለይ ነው፤ ጋምቤላ ወርዶ ወባ ገደለው ብለውኛል። እናቴ ሌላ ባል አግብታ ዳሪሙ ገጠር ስትገባ፣ እኔ ትምህርቴን መቱ እንድማር አክስቴ ዘንድ ቀረሁ። ያኔ መቱ ላይ ዝናብ ከጀመረ መብራት መጥፋቱ የታወቀ ነበር። አክስቴ ፋኖሱን ለኩሳ መስኮቱ ላይ ታስቀምጠዋለች፣ ከሰሉ ምድጃው ውስጥ ቀልቶ ይንጣጣል፣ የጎረቤት ልጆች የጨቀየ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ይገባሉ፣ ጋሽ መርጋም ወንበሩን ወደ ፋኖሱ አስጠግቶ የቆርቆሮ ሳጥኑን ይከፍታል።

ሳጥኑ ውስጥ መንጠቆ፣ የዶሮ ላባ፣ የልብስ ስፌት ክርና የንብ ሰም ነበር። በወጣትነቱ መንገድ ለሚሠሩ ፈረንጆች ሾፌር ነበርና፣ ከነሱ አንዱ ወደ አገሩ ሲመለስ የዓሣ ማጥመጃ ዘንጉን ከነክር ማጠንጠኛው ትቶለት ሄዷል። ዓሣን በላባ ማጥመድ ያስተማረውም እሱ ነው። የአውራ ዶሮ የአንገት ላባ መንጠቆው ላይ በክር ይጠመጠማል፣ ክሩ በሰም ይታሻል፣ ሥራው ሲያልቅ ውሃ ላይ ያረፈች ዝንብ ይመስላል። ትል ሰክተው፣ የዛገ ብሎን አስረው ወንዝ ውስጥ የሚወረውሩትን የከተማውን ጎረምሶች ጋሽ መርጋ እንደ ሰው አይቆጥራቸውም ነበር።

«ዘንግ ስትመርጡ ጫፉን ይዛችሁ አጉብጡት፤ እምቢ ካለ ጣሉት» ይለናል፣ ዓይኑን ከላባው ሳይነቅል። «ክሩ ቀጭን ይሁን። ዓሣ ወፍራም ክር ካየ አይጠጋም። መንጠቆውን ደግሞ በዓሣው አፍ ልክ ምረጡ እንጂ በሆዳችሁ ልክ አትምረጡ!»

ልጆቹ ይስቃሉ። እነሱ የተጠናቀቀችውን ዝንብ ተቀባብለው እንዲያዩ ይፈቅድላቸዋል። እኔ አንድ ቀን አንስቼ ወደ ፋኖሱ ጠጋ ባደርጋት እጄን በጥፊ መታኝ።

«አንቺ የበቀለ ልጅ፣ እጅሽን ሰብስቢ! የአባትሽ እጅ ነው፤ የያዘውን ያጠፋል።»

አባቴን በክፉ የሚያነሳው ለምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። የእሱን እንጀራ ስለምበላ ይመስለኝ ነበርና እራት ላይ ቶሎ ብዬ ከገበታው እነሳለሁ።

ተረቶቹ ብዙ ነበሩ። ልጆቹ ደጋግመው የሚጠይቁት ግን ስለ ሞኙ ዓሣ አጥማጅ ነበር። አንድ ሞኝ ነበር፤ ጥጃ የሚታሰርበትን የመሰለ ወፍራም ገመድና ከሚስማር የተጣመመ መንጠቆ ይዞ ወንዝ ይወርዳል። ወንዙ ዳር አንድ አዋቂ ያገኘዋል። አዋቂው ዘንግ እንዴት እንደሚመረጥ፣ ክር እንዴት እንደሚለካ ይነግረዋል፤ ሞኙ ግን ጆሮ የለውም። የአዋቂው መንጠቆ ድንጋይ ሥር ገብቶ ሲያብለጨልጭ ባየ ጊዜ ወርቅ መስሎት፣ እየከለከሉት ዘሎ ይገባል። እዚህ ላይ ጋሽ መርጋ ላባውን ያስቀምጥና ጉንጩን ነፍቶ፣ ዓይኑን አፍጥጦ፣ እጁን እያርገበገበ «ቡልቅ… ቡልቅ… ቡልቅ» ይላል። ቤቱ በሳቅ ያውካካል። እኔም እስቅ ነበር። አክስቴ ብቻ ያ ተረት በተጀመረ ቁጥር ሥራ እንዳለባት ሆና ወደ ጓዳ ትገባለች።

አንድ የክረምት ምሽት ጋሽ ሙክታር የሚባሉ የያዮ ቡና ነጋዴ ቤታችን መጡ። የጋሽ መርጋ የድሮ ወዳጅ ናቸው ተባለ። መንገዱ ጭቃ ሆኖ ወደ ያዮ የሚሄድ መኪና በመጥፋቱ ሊያድሩ ነው። እኛን ሰብሰብ ብለን ባዩን ጊዜ ደስ አላቸው።

«ምን ስትጫወቱ ደረስኩ?» አሉ።

«ስለ ሞኙ! ጋሽ መርጋ፣ ስለ ሞኙ ይንገሩን!» አሉ ልጆቹ።

«ዛሬ እንግዳ አለ። ይቅር» አለ ጋሽ መርጋ። ድምፁ ሌላ ጊዜ እንደማውቀው አልነበረም።

ያኔ ምን እንዳስነሳኝ አላውቅም። እሱ ያልፈለገውን ለማድረግ እልህ ይዞኝ ይሆናል፤ ወይም እንግዳው «ጎበዝ» እንዲሉኝ ፈልጌ ይሆናል። «እኔ እነግርዎታለሁ» ብዬ ቆምኩ። ጋሽ መርጋ «ቁጭ በይ!» ቢለኝም ጋሽ ሙክታር «ተዋት ትንገረን» አሉ። ነገርኳቸው። ገመዱን፣ ሚስማሩን፣ አዋቂውን፣ ሁሉንም አስተካክዬ ነገርኳቸው። መጨረሻው ላይ ጉንጬን ነፍቼ፣ እጄን እያርገበገብኩ «ቡልቅ… ቡልቅ» አልኩ። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ።

ጋሽ ሙክታር አልሳቁም።

«ይሄን ማን ነገረሽ?»

«ጋሽ መርጋ።»

«የማን ልጅ ነሽ አንቺ?»

«የበቀለ።»

የሻይ ብርጭቆአቸውን ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡ። አክስቴ ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበር። እሷን አዩና እንደገና ወደ ጋሽ መርጋ ዞሩ።

«መርጋ፣ ልጅቷን በገዛ አባቷ ሞት ታስቃታለህ?»

«ተረት ነው! የልጆች ተረት! አንተ ምን አገባህ?»

«ከገባ ወንዝ ማዶ ቆሜ ያየሁት እኔ አይደለሁም? ዹጋ ዱበዹ!» አሉት በኦሮምኛ፤ እውነቱን ተናገር ማለታቸው ነው።

ጋሽ መርጋ ሳጥኑን ዘጋው። ጋሽ ሙክታር ወደ አክስቴ ዞረው ነገሯት።

«በቀለ ዋና አያውቅም ነበር፣ እትዬ ዘነበች። የዚህ ሰውዬ መንጠቆ ድንጋይ ሥር ተያዘበት። ግባና አውጣልኝ አለው። በቀለ ውሃው ሞልቷል አለ። እሱ ግን በመላው ኢሉባቦር እንዲህ ያለ መንጠቆ ከየት ይገኛል፣ ወንድ አይደለህም ወይ እያለ ሲጮህበት ማዶ ድረስ ይሰማኛል። ገባለት። ውሃው እግሩን ሲያነሳው ያንን ቀጭን ክር ያዘ፤ ክሩ ተበጠሰ። የበቀለ ወፍራም ገመድ ዳር ላይ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ገመዱን ወርውርለት፣ ገመዱን! እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጮህኩ። እሱ ዘንጉን አቅፎ ቆመ።»

«ደንግጬ ነው» አለ ጋሽ መርጋ።

«ደንግጠህ ነው። ሰው ይደነግጣል። ነገሩን ላጣሩት ሽማግሌዎችም ደንግጦ ነው ብዬ ነው የነገርኩልህ። እነሱም ሐዘንተኛዋ እህቱ ላይ ሌላ ሐዘን አንጨምር ብለው ነገሩን ደፈኑት። እኔም ዝም አልኩ። ግን የሰመጠልህን ሰው ሞኝ ብለህ ልጅ እንድታስቅበት ነው ዝም ያልኩት?»

አክስቴ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ባሏን አንቱ እንጂ አንተ ብላው አታውቅም።

«ዋኛለሁ ብሎ ገባ ነው ያልከኝ» አለችው። «እየከለከልኩት ገባ ነው ያልከኝ። ይሄን ሁሉ ዓመት ወንድሜን፣ ምን አቀበጠህ፣ ልጅህን ለማን ጥለህ ነው እያልኩ በልቤ ስወቅሰው ኖርኩ። አንተ ትስቅ ነበር።»

ከዚያ ወደ እኔ መጣች። «ወባ ያልኩሽ ወንዝ እንዳትፈሪ ብዬ ነው» ብላ ልታቅፈኝ እጇን ዘረጋች። እኔ እንደቆምኩ ነበርኩ። ፊቴ ላይ የሳቁ ቅሪት ገና እንዳለ ይሰማኝ ነበር፤ እንዴት እንደሚነሳ ጠፋኝ። ልጆቹ አንድ በአንድ ጫማቸውን አጥልቀው ወደ ዝናቡ ወጡ። ከዚያ ወዲህ ተረት ፍለጋ ቤታችን የመጣ ልጅ የለም።

ይፋታሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። አልተፋቱም። አክስቴ ምግቡን ታቀርብለታለች፣ ልብሱን ታጥብለታለች፣ ግን ቃል አታወጣም። እሱም ብቻውን ፋኖሱ ሥር ተቀምጦ ላባ ይጠመጥማል። ወንዝ መውረዱን ቢተውም መጠምጠሙን አልተወም። እኔ ደግሞ በዚያ ቤት ውስጥ ጥላቻን እንደ ትምህርት ተማርኩት። ሲገባ እወጣለሁ፣ ሲያስለው ደስ ይለኛል። አንድ ማታ፣ አክስቴ ለቅሶ ቤት ሄዳ ሁለታችን ብቻ ስንቀር፣ «ጫልቱ፣ ነይ ተረት ልንገርሽ» አለኝ። ድምፁ የለማኝ ድምፅ ነበር።

«የአባቴን ይንገሩኝ» አልኩት። «ሞኝ ሳይሉ፣ በስሙ ጠርተው።»

ፍሙን በጉጠት መቆስቆስ ጀመረ። ትቼው ተኛሁ።

አደግኩ፤ ጎሬ አስተማሪ ሆንኩ። ባለፈው ክረምት አክስቴ ስልክ ደውላ «ይጠራሻል፤ የሚያድር አይመስለኝም» አለችኝ። ሄድኩ። አልጋው ላይ ደቅቆ፣ ጉንጩ ጎድጉዶ ተኝቷል፤ ያ አስመስሎ የሚያስቅበት ፊት የት እንደገባ አይታወቅም። አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ እጁን አልያዝኩም።

«በቀለ» አለ። ከእሱ አፍ ሞኝነት ሳይለጠፍበት የወጣ የአባቴን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ቀን ነው። «በቀለ ውሃው ሞልቷል አለኝ። ግባ አልኩት። ክሩን ያዘ። ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ ነበር። ጋሼ ነው ያለኝ፤ ጋሼ ብቻ። ዘንጉን መልቀቅ አቃተኝ።»

ይቅር በይኝ አላለኝም፤ ብሎኝ ቢሆን ምን እንደምመልስ አላውቅም።

«ነገርኩሽ። በቃ?» አለኝ በመጨረሻ።

«አልበቃም። እንደገና ይንገሩኝ።»

እንደገና ነገረኝ። ሲጨርስ እንደገና አስነገርኩት። ድምፁ እየሳሳ፣ ቃሉ እየተቆራረጠ፣ ግን አንዱንም ሳይዘል፣ አክስቴ መጥታ «በቃሽ ልጄ» እስክትለኝ ድረስ ነገረኝ። በማግሥቱ ሞተ። ለቅሶው ላይ ሰዉ ሁሉ የጨዋታ አዋቂነቱን እያነሳ ሲያለቅስ እኔ እንባ አልወጣኝም።

ከነዚያ ምሽቶች ምን ቀረልኝ ብዬ አንዳንዴ አስባለሁ። ፍቅር አልቀረልኝም፤ ጥላቻውም ቢሆን ሰውየው አፈር ከለበሰ ወዲህ የሚያርፍበት አጥቶ እየደከመ ነው። የቀረኝ አንድ ልማድ ነው። ክፍል ውስጥ ተማሪዎቼ ተረት ሲነግሩ «አንድ ሞኝ ነበር» ብሎ የሚጀምር አይጠፋም። ሌሎቹ ገና ሳይሰሙ መሳቅ ይጀምራሉ። እኔ አስቆመውና እጠይቀዋለሁ፤

«ቆይ፣ ልጅ አለው?»