ሰባት ቤት የማይቆጥሩ

ጦጣዎቹ ቤት የመጀመሪያ ቀን የገባሁት የሰው ደም በለመደ እጄ ነው። ከዚያ በፊት ሆስፒታል ውስጥ የደም ዓይነት እለይ ነበር። ጦጣ ለምርምር የምናረባበት ግቢ ከፔዳ ሰፈር ወደ ሐይቁ ሲወርዱ፣ ደንገሉ ዳር ነው። አለቃዬ ዶክተር መስፍን "የእያንዳንዷን የደም ዓይነት ለይተሽ ስጭኝ" አሉኝ።

ደም ቀድቼ መስታወት ላይ መለያ ፈሳሹን ጠብ አደረግሁ። የአንዷም ደም አልተጓጎለም። "ዶክተር፣ ሁሉም ኦ ናቸው" ብዬ ኮራሁ።

ሳቁብኝ። "ሰው መሰሉሽ እንዴ ትርንጎ? የእነዚህ የደም ዓይነት ምልክት ቀዩ ደም ላይ እንደ ሰው አይታይም። ምራቃቸውን ጠይቂ።"

ከዚያ ወዲያ ሥራዬ ጥጥ ማስነከስ ሆነ። ጠባቂው ጋሼ አያሌው ጦጣዋን ይይዙልኛል፣ እኔ ጥጥ አስነክሳለሁ፣ ምራቁን አፍልቼ እፈትናለሁ። ጋሼ አያሌው ከሐይቁ ደሴቶች የመጡ የካህናት ልጅ ናቸው፤ ሰው ሲያገኙ ከስሙ በፊት የማን ልጅ እንደሆነ ይጠይቃሉ። እኔንም አያት ቅድመ አያቴን አስቆጥረው "ለወንድሜ ልጅ እንዳላጭሽ ሰባት ቤት ልይ ብዬ ነው" ብለው ቀለዱብኝ። እስከ ሰባት ቤት የተዛመደ በእኛ ዘንድ አይጋባም።

ከጦጣዎቹ ሁሉ የምሳሳላት ወለላ ነበረች። ሁለቴ ወልዳ ሁለቱም ሞቱባት። ሬሳውን እስኪነጥቋት ታቅፋው ትዞራለች። ሦስተኛውም ከሲታ ሆነ፣ ጡት መሳብ አቃተው።

"ይኼም ከሞተ ትወገዳለች፤ ጉድለቱ የእሷ ነው" አሉ ዶክተር መስፍን። መወገድ ማለት የሞት መርፌ ነው።

"አባትየውንም እንየው እንጂ ዶክተር።"

"አባቱማ ባሏ ጃሎ ነው፤ ምኑ ይታያል?"

"ቢሆንም ልመርምረው።"

"እሺ፣ መርምሪ።"

ወለላ ኤ ናት፤ ጃሎም ኤ ነው። የልጁ ምራቅ ግን ቢ ሆነ። በማግስቱ ሌላ ጥጥ አስነከስሁት፤ ያው ቢ። ሁለት ኤዎች ቢ አይወልዱም። በግቢው ቢ ያለበት ወንድ ደግሞ አዛውንቱ መኩሪያ ብቻ ነው፤ የወለላ የገዛ አባቷ።

"ጋሼ፣ ወለላና መኩሪያ ይገናኛሉ?"

"አዎና። ቤታቸውን ሳጥብ ጃሎ እየተናደደ ስለሚነክሳት መካከለኛውን በር ከፍቼ አባቷ ዘንድ አስገባታለሁ። ከአባት የተሻለ ጠባቂ ከየት ይመጣል?"

ሽማግሌ ማሳፈር ከበደኝ። ግን የወለላ ነፍስ ጉዳይ ነውና የልጁ አባት መኩሪያ መሆኑን ነገርኋቸው።

"የገዛ ልጁን?" አሉ መጥረጊያቸውን አቁመው።

"ሰባት ቤት የምንቆጥረው እኛ ነን ጋሼ።"

አማተቡ። "እኔ እኮ ላስጠብቃት ብዬ ነው" አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እኔም አለቀስሁ።

ዶክተር መስፍን ፈተናውን ራሳቸው ደገሙት። "አባቱን አወቅን፤ የልጆቿ ሞት ምክንያት የዘመድ መራባት ይሁን አይሁን ግን ገና ነው" አሉ። ከሲታው ልጅ ብዙ አልቆየም፣ ሞተ። ያን ቀን ቢሯቸው ገብቼ ወለላ እንዳትወገድ እሺ ሳይሉኝ አልወጣም አልሁ። ተነፈሱና "አንድ ጊዜ ብቻ እንሞክራት" አሉ። መካከለኛው በር ተበየደ። ጋሼ አያሌው ከብየዳው ሠራተኛ አጠገብ ቆመው አስበየዱት።

ወለላ አራተኛ ወለደች። ጥጥ አስነከስሁት፤ እንደ ጃሎ ኤ ሆነ። ጥጡን ነክሶ አልለቅም አለኝ፤ ታግዬ ነው ያስጣልሁት። እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አሁን ጋሼ አያሌው ጡረታ ላይ ናቸው። ገበያ ስንገናኝ "አዲስ የተወለደ አለ?" ይሉኛል። አለ ስላቸው "አባቱስ?" ይላሉ። የወንዱን ስም ብነግራቸው አይበቃቸውም፤ "አስነክሰሽዋል?" ይሉኛል።

ለአዲስ ሠራተኞችም የምነግራቸው ይህንኑ ነው፤ ሳታስነክሱ አባቱ እገሌ ነው አትበሉ።