ማይክ የያዘው እጅ

በ2011 ጅጅጋ ውስጥ በአንድ የኮሙኒኬሽን ቢሮ ካሜራማን ሆኜ ስቀጠር ገና አሥራ ሁለተኛን መጨረሴ ነበር። የመጀመሪያውን ቀን ያሠራኝ ታላቅ ወንድሜ ደረጀ ነው። የድምፅ ባለሙያ ይባል ነበር፤ ሥራው ባለሥልጣን ሲናገር ማይክ መያዝ ነው።

«እጄ ከታየ ቀረጻው አይተላለፍም» አለኝ። ፍሬም አጥብቤ እጁን ማስቀረት ተማርኩ።

ቀጥሎ በዜና ለማን ስንት ሰከንድ እንደሚሰጥ አስተማረኝ። ለቢሮ ኃላፊ አርባ፣ ለምክትሉ ሃያ፣ ለወረዳ አሥር። ለሕዝቡ ሦስት፤ እሱም ለጭብጨባ።

አፍደም ወረዳ የውሃ ፓምፕ ሲመረቅ ፓምፑ አልሠራም። ሴቶቹ ባዶ ጄሪካን ይዘው ደረጀን ከበቡትና ማይኩን ለመኑት። ፕሮግራሙ ላይ የሂቦም ሆነ የሌሎቹ ሴቶች ስም የለም። ሊመርቁ የመጡት ባለሥልጣን ወደ ማይኩ ሲቀርቡ ደረጀ ድምፅ ሞከረ።

«አንድ፣ ሁለት፣ ፓምፑ ውሃ አላወጣም። ሦስት፣ አራት፣ ሂቦ አምስት ልጆች አሏት።»

«ይሰማል?» አሉ ባለሥልጣኑ።

«ጥርት ብሎ፣ ጌታዬ።»

እሳቸውም ስለ ንጹሕ ውሃ ተናገሩ። ሙከራውን ከዜናው ቆርጬ ጣልኩ። የድምፅ ሙከራ አይተላለፍም።

ከዚያ በኋላ በአውበሬም፣ በአይሻም ምረቃዎች ላይ እንደዚያው አደረገ። እኔ እስቅ ነበር።

ዓምና ከአይሻ ስንመለስ መኪናችን ተገለበጠ። እኔ ተረፍኩ። ስለዚያ ቀን... ይበቃኛል።

እናታችን አንድ ነገር ጠየቀች። ልጇ አንዴ እንኳ በዜና ይታይላት። አለቃችን አሥር ሰከንድ ፈቀደ፤ «ምስሉን አምጣ» አለኝ።

የዓመታት ቀረጻ በረበርኩ። ወንድሜ የትም የለም። ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ካልተቆረጠው የአፍደም ቀረጻ ላይ ብቻ እጁ እስከ ክርኑ ተገኘ፤ ከድምፅ ሙከራው ጋር።

«እጅ ብቻውን አይተላለፍም» አለ አለቃችን። አሰብ አድርጎ፣ «ባለሥልጣኑ አጠገቡ ስላሉ ግን ይቻላል። ድምፁ ምንድን ነው?»

«ሙከራ ነው።»

«ሙከራ ችግር የለውም።»

«ዜና ዕረፍት» በሚል ርዕስ ተላለፈ፤ በምስሉ የሚታየው ፊት የባለሥልጣኑ ብቻ ነበር። እናቴ ስክሪኑን በመዳፏ ነካች። «እጁ ነው» አለች። «ድምፁም የሱ ነው።»

በማግስቱ የባለሥልጣኑ ዘመዶች እያለቀሱ ቤታቸው ደረሱ። ባለሥልጣኑ ደውለው፣ «ምሳዬን እየበላሁ ነው የተለቀሰልኝ» አሉ። በሕይወት መኖራቸው በዜና ተስተካከለ። አርባ ሰከንድ ተሰጠው። ስለ ፓምፑ የጠየቀ አልነበረም።

ለአዲስ ካሜራማኖች የምነግራቸው ይህን ነው። ከቀረጻ በፊት ካሜራውን ማይክ ወደያዘው ሰው አዙሩ። የድምፅ ሙከራውን አትጣሉ።