ለቆፋሪ የቀረበ ጎደሬ

መቱን የማያውቅ ሰው እዚያ ውሃ ይቸግራል ቢሉት ይስቃል። ሰማዩ ተው የሚለው የለ፣ ያለቅሳል። ጭቃው ጫማ ይነጥቃል፣ ምስጡ ማገር ይበላል፣ ጦጣው አቮካዶውን እየገመጠ ይጥለዋል፣ ቧንቧው ግን ደረቅ ነው። ሲከፍቱት ያስነጥሳል እንጂ ጠብ አይልም። ለዚህ ነው የእትዬ ዘውደነሽ ጉድጓድ በሰፈሩ ከቀበሌውም ከእድሩም የበለጠ ክብር የነበረው።

የቆፈረው ባሏ ገብረ ሥላሴ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። ከያዮ ቡና የሚጭን ሹፌር ነበር። ለሚስቱ ሌላ የረባ ነገር ሰጥቷት አያውቅም፤ ደሞዙ ግማሹ በደሌ ይቀር ነበር ይባላል፣ በደሌም ማን ቤት እንደሚቀር ይታወቃል፣ ግን የሞተ ሰው አይታማም። ጉድጓዱን ግን በገዛ እጁ ቆፍሮ፣ አፉን በድንጋይ ገንብቶ፣ ክዳን አበጅቶላት ነው የሞተው።

ዘውደነሽ ውሃውን አትሸጥም። "ውሃ የእግዜር ነው" ትላለች። እውነቱን ለመናገር ዋጋዋን የምትቀበለው በወሬ ነው። ሴቶቹ ጄሪካን ይዘው ሲመጡ እሷ ጉድጓዱ ጥግ በርጩማዋ ላይ ተደላድላ ትጠብቃለች። ባልዲው እንዲሁ አይወርድም። የማን ልጅ ሆዷ ገፋ፣ ማን ከማን ተኳረፈ፣ ኡካ ሄጃለሁ ያለው ባል የት ታየ፣ መጀመሪያ እሱ ይወራል። ደህና ወሬ ያመጣች ጄሪካኗ እስከ አፉ ይሞላል። ባዶ አፏን የመጣችው ደግሞ፣ "ዛሬስ ውሃው ጎድሏል መሰለኝ" ትባላለች።

ልጆቿ አግብተው ሩቅ ናቸው። ይደውላሉ፤ "ደህና ነሽ?" "ደህና ነኝ፣ እናንተስ?" ይባልና ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ቤቱ ዝም ይላል። ጠዋት የግቢው ቆርቆሮ በር ሲንኳኳ ነው ነፍስ የምትዘራው። ያ ጉድጓድ ባይኖር ማን ሊያንኳኳ?

ከበላይዋ ያለውን ግቢ የገዛችው ሉባባ ናት። ጨርቅ ነጋዴ ናት፣ አንደበቷ ማር። የባሏን እናት እማማ ዘህራን ታስታምማለች፤ አሮጊቷ ቤት ከዋሉ ቆይተዋል። ታዲያ አንድ በጋ፣ ዝናቡ ጋብ ባለ ሰሞን፣ ሉባባ ግቢ ዶማ ይሰማ ጀመር። ዘውደነሽ በአጥሩ ቀዳዳ አየች። ከዳሪሙ የመጡ የቀን ሠራተኞች፣ አሸዋ፣ ሲሚንቶ። በቃ፣ ገባት። ሉባባን መጠየቅማ እንዴት ተደርጎ! ዘውደነሽ ወሬ ስትጠይቅ ታየች ከሚባል ውሃው ቢደርቅ ይሻላታል።

የመጀመሪያዋ ቀጂ ዲሪቤ ነበረች።

"ምንድነው እትዬ ዘውዴ፣ ያ ቁፋሮ?"

"መሰረት ነዋ! ሰርቪስ ቤት ልትሠራ ነው፣ ለተማሪ የሚከራይ።"

"እሷ ነገረችዎት?"

"እኔን ሳታማክር መሰረት ትቆፍራለች? አንቺ ደግሞ!"

ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።

በዚያ ሰፈር ደንብ አለ። ድንበር አካባቢ ሲቆፈር ጎረቤት ለቆፋሪው የሚቀመስ ይዞ ይገባል። ምርቃትም ነው፣ "አይቻለሁ፣ ተስማምቻለሁ" ማለትም ነው። ያልተስማማ ሰው ምግብ ይዞ ሳይሆን ሽማግሌ ይዞ ነው የሚመጣው። ዘውደነሽም ከጓሮዋ ጎደሬ ነቀለች፣ ቀቀለች፣ ዳጣዋን በሳህን አደረገችና ገባች። ሉባባ ሱቅ ነበረች። ሠራተኞቹ እየተቃጠሉ በሉ።

"ገለቶሚ ሃርሜ!" ብሎ አመሰገናት አንዱ፣ አፉን እያራገበ።

ዘውደነሽ ወደ ጉድጓዱ አጎንብሳ አየች። ለመሰረት ጠለቅ ያለ፣ ጠበብም ያለ ነው። "አሃ" አለች በልቧ፣ "ፎቅ ነው ለካ።" እጇን ዘርግታ መረቀች።

"የበረከት ያድርገው! ሞልቶ ይፍሰስ!"

ቆፋሪዎቹ ተያዩ። አንደኛውን ሳል ያዘውና ፊቱን አዞረ። ዘውደነሽ ዳጣው ነው ብላ፣ ወደ ቤቷ ወርዳ የፎቁን ወሬ ጨመረችበት።

ከዚያ የሲሚንቶ ክዳኑ መጣ። ሁለት ሰው ተሸክሞት ሲገባ በአጥሩ ቀዳዳ አየችው። መሃሉ ላይ ክብ ቀዳዳ አለው።

መሰረት ቀዳዳ የለውም። ፎቅም እንዲሁ።

የሽንት ቤት ክዳን ነው። ሽንት ቤቱ ከእሷ የውሃ ጉድጓድ በላይ፣ ከአጥሩ ወዲያ እዚያው ነው። የመቱ አፈር ደግሞ በክረምት ወንፊት ነው፤ ከላይ የፈሰሰ ከታች ይገኛል። ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል ወጣች።

"ሉባባ! የኔን ውሃ በምን ልታጠጪው ነው?"

"ውይ እትዬ ዘውዴ!" ሉባባ ደነገጠች። "እማማ ታች ያለው ሽንት ቤት ድረስ መውረድ አቃታቸው እኮ። ባለፈው ክረምት ጭቃው ጥሏቸው ነው ወገባቸው እንዲህ የቀረው። ከደጃፉ ያለችኝ መሬት ይቺው ናት። እርስዎ ደግሞ ጎደሬ ይዘው መጡ፣ መረቁ ሲሉኝ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ተስማሙ ብዬ ደስ አለኝ።"

"እኔ መሰረት መስሎኝ ነዋ!"

"ታዲያ ማን መሰረት ነው አለዎት?"

ዘውደነሽ ዞራ ወጣች። ሽማግሌ ጠርታ ከሰሰች።

ሽማግሌዎቹ ከእሷው አቮካዶ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ዋናው ጋሼ ዲንቃ ናቸው፤ ትዕግሥተኛ፣ ከዘራቸውን መሬት ላይ እያሽከረከሩ የሚያስቡ። ክዳኑ ገና አልተገጠመም። የሰፈሩ ሴት በሙሉ መጥቷል፤ ሰበብ ይሁነን ብለው ጄሪካን ይዘዋል።

"ኤጋ እንግዲህ፣ ዘውዴ" አሉ ጋሼ ዲንቃ፣ "ለቆፋሪዎቹ ጎደሬ ያቀረበው ማነው?"

"እኔ ነኝ ጋሼ።"

"ያበላ ሰው ተስማምቷል፣ ደንቡን ታውቂዋለሽ። ግን ያላወቀ ሰው አልተስማማም። ሉባባ ምንም ሳትነግርሽ፣ በራስሽ ግምት ከሆነ ያበላሽው፣ ምግቡም ምርቃቱም አይቆጠርም። ይደፈንና ሌላ ቦታ ትፈልጋለች። ነግራሽ ከሆነ ግን አለቀ። አንድ ቃል ብቻ ነው የምንፈልገው። ነግራሻለች ወይስ አልነገረችሽም?"

ዘውደነሽ አፏን ልትከፍት ስትል ዲሪቤ ቀደመቻት። "ነግራቸዋለች እንጂ! 'እኔን ሳታማክር ትቆፍራለች?' ብለውኛል እኮ፣ ለዚያውም በዚሁ ጉድጓድ ጥግ።"

"እኔንም ብለውኛል" አለች ሌላዋ።

ዓይን ሁሉ ወደ ዘውደነሽ ዞረ። አልነገረችኝም ካለች ጉድጓዷ ይተርፋል። ግን ሰርቪሱም ተማሪውም ፎቁም ከራሷ እንደወጣ እነዚህ ሁሉ ሴቶች ይሰማሉ። ከዚያ በፊት የነገረቻቸውስ? ኡካ ሄዷል የተባለው ባል? የእንትና ልጅ ሆድ? ያንን ሁሉ ወደ ኋላ እየሄዱ ሊመዝኑት ነው። ሉባባ መሰረት ነው ብላ ዋሸችኝ እንዳትል፣ ያቺ ቁርአን ይዛ ትምላለች።

"ነግራኛለች" አለች ዘውደነሽ።

ሉባባ ቀና ብላ አየቻት።

"ሽንት ቤት መሆኑን ነግራኛለች። የእማማ ዘህራን ገመና ልሸፍን ብዬ ነው መሰረት ነው ያልኩት። የውሃውን ነገር ያኔ አላሰብኩትም።"

ሴቶቹ "እሰይ!" "እንዲህ ነው ትልቅ ሰው!" ተባባሉ። አንዷ እንባዋን ጠረገች። ሉባባ አፏን ከፈተች፣ ከዚያ ወደ ቤቷ፣ አሮጊቷ ወደተኙበት መስኮት ዞር ብላ አየችና መልሳ ዘጋችው።

"እንዲያ ከሆነ" አሉ ጋሼ ዲንቃ፣ ቅር እያላቸው፣ "የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ተነሡ፣ እንመርቅ።"

ክረምቱ ሲገባ ውሃው መጀመሪያ ቀለሙን ለወጠ። ዘውደነሽ "ቅጠል ወድቆበት ነው" ብላ በጨርቅ አጠለለችው። ቀጥሎ ሸተተ። የጤና ኤክስቴንሽኗ መጥታ አሸተተችና "እማማ፣ ይሄ ለልብስም አይሆን" ብላ ሄደች። ከሴቶቹ አንዳንዶቹ ለይሉኝታ መጡ፤ ቀድተው ከበሩ ውጭ ይደፉታል። ዘውደነሽ አይታለች። ቀስ በቀስ እነሱም ቀሩ።

ሉባባ ደግሞ ጥፋተኝነት ተሰማት መሰለኝ ትልቅ ሮቶ አስመጥታ ቧንቧው አልፎ አልፎ ውሃ በሰጠ ቁጥር ትሞላ ጀመር። በሯን ከፍታ ለሰፈሩ በነፃ ታጠጣለች። በአጥሩ በኩልም ትጣራለች።

"እትዬ ዘውዴ! ጄሪካን ያቀብሉኝ፣ እኔ ልሙላልዎት!"

"አለኝ!" ትላለች ዘውደነሽ። ያላት ከጣሪያ የሚወርድ፣ የዝገት ቀለም ያለው ውሃ ነው። በርጩማዋን ጠዋት ጠዋት ጉድጓዱ ጥግ አውጥታ ትቀመጣለች። ከአጥሩ ወዲያ የሴቶቹ ድምፅ ይመጣል፣ ሳቅ፣ "ውይ በሞትኩት!" የሚል፣ ግን ነገሩ ተለይቶ አይሰማም። አጥሩ ቀዳዳ ላይ ጆሮዋን ብትለጥፍም ያው ነው። እንዲህ ያለ ረሃብ አይታ አታውቅም።

ዝናቡ ሲያባራ የጣሪያውም ውሃ አለቀ። አንድ ጠዋት ጄሪካኗን አንስታ ሄደች፤ ውሃውን ብላ ብቻ አይደለም፣ ወሬውም ናፍቋታል። ከሉባባ በር ስትደርስ ውስጡ በሳቅ ይናወጣል። ዲሪቤ እጇን እያወናጨፈች የሆነ ሰው አነጋገር ታስመስላለች፤ "እኔን ሳታማክር..." እያለች።

ዘውደነሽ ገባች።

የዲሪቤ እጅ አየር ላይ ቀረ።

"ውይ፣ እትዬ ዘውዴ!" ዲሪቤ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። "ይምጡ፣ ይምጡ፣ ይቅደሙ! ትልቅ ሰው ይሰለፋል እንዴ?"

"ኧረ ተዉኝ፣ ተራዬን ልጠብቅ። ምን አስቸኮለኝ?"

"በፍጹም! የእማማን ገመና የሸፈኑ ሰው!"

ሰልፉ ተከፈለ። አንዷ ጄሪካኑን ከእጇ ወሰደችው፣ ሌላዋ ከፈተችው። የሮቶ ቧንቧ ገመድ የለው፣ ባልዲ የለው፣ ቶሎ ይሞላል። ዘውደነሽ እየሞላ ሳለ "ምን ወሬ አለ ታዲያ?" አለች።

"ምን ወሬ አለ ብለው ነው፣ ደህና ነው" አሉ ሁሉም ባንድ አፍ፣ ክዳኑን አጥብቀው አስያዟት።

ከበሩ ወጥታ ትንሽ እንደሄደች ጄሪካኑን አስቀምጣ፣ እንደደከመው ሰው ወገቧን ይዛ፣ ጆሮዋን ወደ ኋላ ጥላ ቆመች። ከኋላዋ ሳቁ ቀጠለ።