ሞተር አጥፍቼ የወረድኩባቸው ወራት

መኪና ያለው ሰው ሁሉ ሀብታም ነው የሚባልበት ዘመን ነበር። እኔ መኪና ነበረኝ እንጂ ሀብታም አልነበርኩም። ስድሳዎቹ ሲጀምሩ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ፤ የምኖረውም የካ ሚካኤል አጠገብ ከእናቴ ጋር ነው። መኪናዋን የገዛኋት አገሩን ጥሎ ከሚሄድ ጣሊያናዊ መካኒክ ነው። ትንሽ፣ ባለ ሁለት በር፣ ሞተሯ ከኋላ የሆነ አሮጌ ነገር ነበረች። አቀበት ላይ ስታቃስት ከሩቅ ስለምትሰማ ጎረቤቶቼ "ጀርባዋን የሚያማት" ይሏት ነበር።

የገዛኋት ለእናቴ ስለት ነው። ልዋሽ አልፈልግም፣ ትንሽ ለጉራም ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ተስቦ ይዞኝ ሰው ሁሉ ተስፋ ቆርጦብኝ ነበር። እናቴ አልጋዬ ሥር ተንበርክካ፣ "እንጦጦ ራጉኤል፣ ልጄን ብትምርልኝ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን፣ አንድም ሳላስታጉል መጥቼ ደጅህን እስማለሁ" ብላ ተሳለች። ዳንኩ። የእሷ ጉልበት ግን እንጦጦ መውጣት ቀርቶ ሚካኤል ለመድረስ እንኳ ሦስት ጊዜ ያሳርፋት ነበር። ተስላ ያስመለሰችው የእኔን ነፍስ ነው፤ "አንዲት ወር ብትጎድልስ?" ብዬ ብቀልድባት "አፍህን ያዝ!" ብላ ፊቷን አዞረች። በእሷ ሒሳብ የጎደለችው ወር ከእኔ ዕድሜ ላይ ትነሳለች።

ጥቅምት አንድ ቀን ጀመርን። ኅዳርንም ሳምን። ታኅሣሥ ሲገባ ቤንዚን ጨመረ።

ቀበና አጠገብ ባለው ማደያ የሚቀዳልኝን ሰው ምን መጣ ብዬ ብጠይቀው፣ "ስዊዝ ተዘግቶ መርከቡ አፍሪካን ዞሮ ነው የሚመጣው ይላሉ፣ እኔ ምን አውቃለሁ ጋሼ?" አለኝ። በካርታ ላይ የት እንዳለ ማሳየት የማይችለው ሁሉ በዚያ ሰሞን የስዊዝ ሊቅ ሆኖ ነበር። ጭማሪው ለትልልቆቹ ሰዎች የቁንጫ ንክሻ ነው፤ እኛን ግን አንገታችንን ያዘን። በእኛ መንደር አንድ ጡረተኛ መኪናቸውን ግቢያቸው ውስጥ አቁመው በሸራ ሸፈኗት፤ ፋሲካ ሳይደርስ ዶሮ ዕንቁላል ጣለችባት። ታክሲዎች ሰው ካልሞላ አንነሳም አሉ። እኔም ያለችኝን ቤንዚን ለወር መግቢያው ቀን ለማቆየት ሥራ በእግሬ መሄድ ጀመርኩ። ባለመኪና በእግሩ ሲሄድ እንደማየት የመንደርን ሰው የሚያስደስት ነገር የለም። "ዛሬስ ጀርባዋ እንዴት አደረ?" ይሉኛል። እኔ ደግሞ ቶሎ የሚቆጣ ሰው ነኝ። አንዱን እንዲያውም አንገቱን ላንቀው ምንም አልቀረኝም።

መላውን ያመጣው ቢሮ አጠገቤ የሚቀመጠው ባልደረባዬ ነው። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ አረንጓዴ መኪና የነበረችው ሰው። "አንተ ሞኝ፣ ቁልቁለት እያለልህ ቤንዚን ታቃጥላለህ?" አለኝ። ማርሹን ፎሌ ታደርጋለህ፣ ማለት ነፃ ትለቀዋለህ፤ ቁልፉን ትዘጋለህ፤ የቀረውን የእንጦጦ ተዳፋት ይጨርሰዋል። ፍሬኑ በእግርህ ጉልበት ነው የሚሠራው፣ ሞተር አያስፈልገውም። እሱ ራሱ ሞተር አጥፍቶ ከእንጦጦ ማርያም በር ላይ ተነሥቶ ሽሮ ሜዳ መግባቱን በመሐላ ነገረን። በመሥሪያ ቤታችን መኪና የነበረን አራት ሰዎች ነን፤ ከዚያ ወዲያ ወሬያችን ሁሉ ማን የት ድረስ እንደወረደ ሆነ። ቁልፉን ጣት ላይ አንጠልጥሎ ማሳየት የጀግና ምልክት ነበር።

መጀመሪያ የሞከርኩት በጥር አንድ ነው። መኪናዋ ዝም ስትል የባሕር ዛፉ ሽውታ ወደ ውስጥ ገባ። ደስ አለኝ፣ አልደብቅም። የሆነ ሰው በነፃ የሸኘኝ መሰለኝ። በጥር፣ ሁለተኛው ጠመዝማዛ ላይ ቆመች፤ በየካቲት ከዚያ አልፋ ሄደች፤ በመጋቢት ፍሬኑን ስቆጥብበት ይበልጥ ወረደች። የቆመችበትን ቦታ ባሕር ዛፍ ላይ በጩቤ ምልክት አደርግ ነበር። ያተረፍኩት ቤንዚን አንድ ጣሳ ይሙላ አይሙላ ዛሬም አላውቅም። ነገሩ ከቁጠባ ወደ እልክ የተሻገረው መቼ እንደሆነ ግን አውቃለሁ፤ ያን ምልክት ማድረግ የጀመርኩ ቀን ነው።

በዚያ መንገድ የሚወርደው መኪና ብቻ አልነበረም። ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ወደ ገበያ የሚወርዱ ሴቶች ነበሩ። ሸክሙ ከወገባቸው ተነሥቶ ከራሳቸው በላይ ያልፋል፤ አጎንብሰው መሬት መሬት እያዩ ነው የሚሄዱት። ኋላቸውን ማየት አይችሉም። ቅጠሉ ጆሯቸው ሥር እየተንኮሻኮሸ የጎማ ድምፅ አያሰማቸውም። መኪና መምጣቱን የሚያውቁት በሞተሩ ጩኸት ነው፤ ሲሰሙ ዳር ይይዛሉ። እኔ ይህን አላሰብኩም። ቁልፉን ስዘጋ ክላክሱም አብሮ እንደሚዘጋም አላሰብኩም። ያሰበችው እናቴ ናት።

በየካቲት መስኮቱን ዝቅ አድርጋ አንገቷን ወደ ውጭ አወጣች። "መኪና መጣ! ዳር ያዙ ልጆቼ! መኪና!" ትላለች፤ ወዲያው በኦሮምኛ ትደግመዋለች፤ የካ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች ሁለቱንም እኩል ነው የምትናገረው። ሴቶቹ ሸክማቸውን እንደያዙ ወደ ጠርዙ ይጠጋሉ። እኔ አፈርኩ። "እማዬ ተይ እንጂ፣ ሰው ምን ይለናል?" አልኳት።

"ክላክስህን አጥፍተህ እኔን ክላክስ አደረግኸኝ፤ ታዲያ ምን ላድርግ?" አለችኝ። ቀጥላም፣ "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብህ" አለች።

ሳቅሁ። በየወሩም እንዲሁ ሆነ፤ እኔ አጠፋለሁ፣ እሷ ትጮኻለች። ሚያዝያ፣ ግንቦት፣ ሰኔ፣ ሐምሌ። ቤት ስንገባ ድምፅዋ ሻክሮ ይገኛል። የምትናደድብኝ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ትፈራልኝ ነበር። ስለቷ ሊሞላ ሁለት ወር ቀረው። ተው ብዬ ባስቀይመው፣ በቤንዚኑ ወጪ ባስመርረው፣ ልጄ ይተወዋል ብላ ፈርታ ነው ዝም ብላ የጮኸችልኝ።

ነሐሴ አንድ የፍልሰታ ጾም መግቢያ ነው። እናቴ በሐምሌው ዝናብ ብርድ መትቷት ጉሮሮዋ ተዘግቶ ነበር። ጠዋት ስትነሣ ቃል አይወጣትም። "ዛሬ ይቅር፣ ራጉኤል ያውቃል" ብላት በእጇ ምልክት አደረገችልኝ፦ አሥራ አንደኛው ነው፣ ተነሥ። ወጣን፣ ሳመች። ስንወርድ ጉም መሬት ነክቶ ነበር፤ መንገዱ ከዝናብ ብዛት ለስልሷል። የእንጦጦ ማርያም በር ላይ ስንደርስ እጄ ወደ ቁልፉ ሄደ። እናቴ ክንዴን ያዘች። እንዳላጠፋ ነው የያዘችኝ። እኔ ደግሞ በዚያን ቀን ሽሮ ሜዳ ለመግባት ቆርጬ ነበር፤ ባልደረባዬ "አንተማ አትችልም" ብሎኝ ነበርና። ክንዴን ቀስ ብዬ አስለቀቅኋትና አጠፋሁት።

ከጠመዝማዛው እንደዞርን አንዲት ሴት መሃል መንገድ ላይ ነበረች። አንድ ትልቅ የቅጠል ሸክም ከሥሩ ሁለት እግር ወጥቶት ሲሄድ አየሁ። እናቴ አንገቷን በመስኮት አውጥታ አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም። የበሩን ቆርቆሮ በመዳፏ ደበደበችው። እኔ ፍሬኑን ረገጥኩ፣ ጎማዎቹ ታስረው መኪናዋ በጭቃው ላይ ተንሸራተተች። ሸክሙን ነው የመታነው፤ ሴትዮዋ ከነሸክሟ ቦዩ ውስጥ ወደቀች። ያ ቅጠል ባይኖር ኖሮ ይህን የምጽፈው በሌላ ልብ ነበር። እግሯ ግን ከጉልበቷ በታች ተሰብሮ ነበር።

አንሥተን መኪናዋ ውስጥ አስገባናትና ሞተሩን አስነሣሁት፤ በዚያ ቀን ለቤንዚን ያዘነ የለም። መንደሯ ካለ ወጌሻ ዘንድ አደረስናት። ባሏ ሁለት ሽማግሌ ይዞ ቤታችን መጣ፤ ከእርቁ ወዲያ እስክትድን የሚያስፈልጋትን ሁሉ ለመቻል ቃል ገባሁ። ሰው ሁሉ በቀላሉ ወጣህ አለኝ። እናቴ ድምፅዋ ሲመለስ መጀመሪያ ያለችኝ፣ "ሴትዮዋን እንጠይቃት" ነው።

በሳምንቱ ልንጠይቃት ሄድን። ቤታቸው ከመንገዱ ብዙ ሳይርቅ ተዳፋቱ ላይ ነው። እግሯ በቀርከሃ ታስሮ ተኝታለች፤ ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም አይበልጥም። ለመቀመጥ እየሞከረች "ጌታዬ" አለችኝ። እንዲያ መባሉ አቃጠለኝ። "ጌታዬ፣ ያን ዕለት መኪናዎ ለምን ዝም አለች?"

"ቤንዚን ተወዶ ነው" አልኳት። እንዴት እንደሆነ አስረዳኋት። እያስረዳሁ የራሴ ድምፅ ቀፈፈኝ።

"ተወደደ ብለው አፏን ዘጓት?" አለች። ቁጣ አልነበረባትም። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረች። "እማማ፣ እኛ እኮ ወር ሲገባ የእርስዎን ድምፅ እንጠብቃለን። 'የጩኸቷ እናት ሳያልፉ መሃል መንገድ አንሂድ' እንባባላለን። ያን ዕለት ብጠብቅ ብጠብቅ ድምፅዎ የለም። ዛሬ ቀርተዋል ብዬ ነው ዳሩ ጭቃ ስለሆነ መሃሉን የያዝኩት።"

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እኔን አልወቀሰችም፤ ራሷን ነበር። ቤት ስንገባ፣ "እኔ ባልጮህ ኖሮ አንተ ከመጀመሪያው ቀን አንዷን ለጥቂት ስተህ ትደነግጥና ትተወው ነበር" አለች። እውነቷን ነው። በጩኸቷ ጥፋቴን ሸፍናልኝ ነበር።

የቀረው አሥራ ሁለተኛው ነው፤ እሱም መስከረም አንድ፣ የራጉኤል የዓመቱ ንግሥ። ጠዋት መኪናዋን አስነሥቼ ጠበቅኋት። የዘመን መለወጫ ልብሷን ለብሳ ገባችና፣ "ሴትዮዋ ቤት አድርሰኝ" አለች።

"ስለቱስ?"

"አንተ ጨርሰው። በእግርህ።"

"የተሳልሽው እኮ አንቺ ነሽ እማዬ፣ ቢጎድልስ?"

"የተሳልኩት ለአንተ ነው። እኔ ዛሬ እሷ ዘንድ እውላለሁ።" ፊቷን አየሁት፤ እየፈራች ነበር የምትናገረው። የአንድ ዓመት ሙሉ ፍርሃቷን በእኔ እግር ላይ ጣለችው።

እሷን አድርሼ፣ መኪናዋን እዚያው አቁሜ አቀበቱን በእግሬ ወጣሁ። አሥራ አንድ ወር በመኪና ሳልፍ ያላየሁትን ድንጋይ ሁሉ ያኔ አወቅሁት። ደጁን ስሜ፣ ንግሡ ሳይበተን መውረድ ጀመርኩ። ከፊቴ ቀድመው የወጡ አሮጊቶች ነጠላቸውን ጆሯቸው ድረስ ተከናንበው፣ እየዘመሩ መንገዱን ሞልተው ይወርዳሉ። ያኔ በክርኔ አጠገብ ነፋስ አለፈ። ምንም አልሰማሁም፤ አረንጓዴዋን መኪና ያየሁት ካለፈችኝ በኋላ ነው። ባልደረባዬ በመስኮቱ እጁን አውጥቶ ቁልፉን ጣቱ ላይ አንጠልጥሎ አሳየኝና ሳቀ።

ሮጥኩ። መንገዱ ስለሚጠማዘዝ በአቋራጩ በዛፉ መሃል ቁልቁል ተንደረደርኩ። "መኪና መጣ! ዳር ያዙ! መኪና!" ኦሮምኛውንም ከእናቴ አፍ እንደሰማሁት ጮህኩት። አሮጊቶቹ ዞሩ፣ ጩኸቱን አንዷ ለሌላዋ እየተቀባበሉ አወረዱት፤ መንገዱ ሲከፈት አየሁ። አረንጓዴዋ አለፈች። እኔ ግን ሌላ ትመጣ ይሆናል ብዬ መጮኼን አላቆምኩም፤ ሴትዮዋ ቤት እስክደርስ ድረስ ጮህኩ።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። "ሳምክልኝ?" አለች።

ልመልስላት አፌን ከፈትኩ፣ ድምፅ አልወጣኝም። በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ።

ከውስጥ፣ ከመደቡ ላይ፣ ሴትዮዋ መለሰችልኝ። "ሰምተንዎታል ጌታዬ" አለች።