በሰው ስልክ

መምህርት እሌኒን ሸሕዲ ከተማ ውስጥ የማያውቃት የለም፤ በስሟ ሳይሆን «ቲቸር ፓስወርድ» በሚለው ቅጽል ስሟ ነው። ያወጡላት ተማሪዎቿ ናቸው፤ አይፈረድባቸውም። የአይሲቲ መምህርት ሆና ወደዚህ ቆላ ከወረደች ጀምሮ ሌላ ወሬ የላትም። የትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተሮች መብራት ሲኖር በሙቀት፣ ሙቀቱ ሲበርድ ደግሞ በመብራት እጦት እያሳበቡ ስለማይሠሩ፣ ተማሪው ኪሱ ስለደበቀው ስልክ ታስተምራለች።

«ፎቶሽን ለማን ነው የላክሽው? በዓይንሽ አይተሽዋል? ድምፁን ሰምተሻል?» ትላለች ጠመኔዋን ቀስራ። «ስሙን ስለጻፈ ብቻ ሰውየው እሱ ነው ማለት አይደለም!»

ወሬ ብቻም አይደለችም። ባለፈው ዓመት ፌስቡክ ላይ ሥራ አገኝልሻለሁ ያላትን ሰው ተከትላ ወደ ሱዳኗ ገላባት ልትሻገር የነበረችን ተማሪ፣ መተማ ዮሐንስ ድረስ ሄዳ ከኬላው ላይ እጇን ይዛ የመለሰቻት እሷ ናት። ከዚያ ወዲህ ወላጅ ሁሉ ልጁን «ቲቸር እሌኒ ያለችሽን ስሚ» ይላል።

ባሏ አለነ የትራክተር ሾፌር ነው። የእርሻው ወቅት ሲደርስ ከአብርሃ ጅራ ወዲያ ካለ የሰሊጥ እርሻ ይገባና ተሳቢውን እየጎተተ ሠራተኛና እህል ሲያመላልስ ይከርማል። የራሱ ስልክ ባለ ቁልፍ ነው፤ ፎቶ አያሳይም። ካምፕ ውስጥ ግን አንድ ሠራተኛ ደህና ስልክ ካለው ስልኩ የሁሉም ነው፤ የልጁ ፎቶ የናፈቀው ሁሉ በተራ ይዋሰዋል። በአረም ጊዜ መጨረሻ ላይ እሌኒ ከማታውቀው አካውንት እንዲህ የሚል መልእክት መጣላት፦ «አለነ ነኝ። በሰው ስልክ ነው። ደህና ነኝ። ሃይሚን ሳሚልኝ።» አጭርና ደረቅ፤ ቁርጥ አለነን።

እሷም የልጃቸውን የሃይሚን ፎቶ ላከችለት። ከዚያ ወዲያ መልእክቱ እየበዛ፣ እየጣፈጠም ሄደ። «እሌኒዬ፣ ናፍቃችሁኛል» ይላል አንዱ። በዚህ ሁሉ ዓመት ትዳር አንድ ቀን እንኳ «እሌኒዬ» ብሏት የማያውቅ ሰው! በረሃው አለሰለሰልኝ ብላ ብቻዋን ሳቀች። የጠየቃትን ሁሉ መለሰች፤ አባት ስለ ልጁ ቢጠይቅ ምን ይገርማል?

ሰሊጡ እየታጨደ ሳለ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አለነ አቧራ እንደለበሰ ሳይጠበቅ ከተፍ አለ። ትራክተሩ ተበላሽቶ መለዋወጫ ፍለጋ ነው የመጣው። እሌኒ በደስታ የምትይዘውን የምትጨብጠውን አጣች። ውሃ እያቀረበችለት ታሾፍበት ጀመር።

«አንተ በአካል ዝምተኛ፣ በስልክ ጊዜ ግን አፍህ ማር!»

«የምን ስልክ?»

«ትናንት ማታ የጻፍህልኝስ?»

አለነ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «እኔ? ከአንድ ቀን በቀር መች ጻፍሁልሽ? አጨዳው ከተጀመረ ወዲህ ያለንበት ቦታ ኔትወርክ የሚባል የለም። ስልኩን ያዋሰኝ ልጅም አረሙ እንዳለቀ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ስሙን እንኳ በቅጡ አላውቀው።»

የእሌኒ ሳቅ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ። ስልኳን አውጥታ አሳየችው።

«ይቺ የኔ ናት» አለ የመጀመሪያዋን በጣቱ ነክቶ። «ይቺ ግን የኔ አይደለችም። ይቺም። ይቺም…»

ጣቱ ወደ ታች በወረደ ቁጥር እሌኒ የራሷን መልስ አብራ አነበበች። ሃይሚ የት እንደምትማር፣ በየትኛው በር እንደምትወጣ፣ ከማን ጋር እንደምትመለስ፣ ሁሉንም በገዛ እጇ ጽፋለታለች። ያውም ሰው በሚታገትበት አገር! እንግዳ ሰው ቢጠይቃት ኖሮ ወዲያው ትዘጋው ነበር። የጠየቃት ግን ባሏ መስሏት ነው።

የአለነ ጣት ትናንት ማታ በመጣችው ላይ ቆመ። «ለሃይሚ ጫማ ገዝቻለሁ፤ ነገ ከትምህርት ቤት ስትወጣ የሚሰጣት ሰው እልካለሁ። ያ የተስማማችሁበት ቃል ምን ነበር?»

እሌኒ ለልጇ ያስተማረቻት ነገር ነው፦ ማንም ሰው «እናትሽ ልካኝ ነው» ቢልሽ፣ ሁለታችን ብቻ የምናውቃትን ቃል ካልተናገረ አብረሽው እንዳትሄጂ። ልጄን እንዲህ አድርጌ አስተማርኋት ብላ በኩራት ጽፋለት ነበር። ትናንት ማታ ደግሞ ቃሏን ጨምራ ላከችለት። «ሰጎን።»

«ስንት ሰዓት ነው የሚለቀቁት?» አለ አለነ።

እሌኒ ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳታደርግ ወጥታ ሮጠች፤ አለነም ተከተላት።

ከትምህርት ቤቱ በር ላይ አንድ ባጃጅ ቆሟል። ሃይሚ ቦርሳዋን አስገብታ እግሯን አንስታለች፤ አንድ ወጣት ክንዷን ደግፏታል። አለነ ጮኸ። ወጣቱ ዞር ብሎ አየውና ልጅቱን ለቀቃት፤ ወደ ገበያው ሰው መሃል ገብቶ ተሰወረ። አለነ እየጮኸ ተከተለው።

እሌኒ መሬት ላይ ተንበርክካ ልጇን አቀፈቻት፤ ወዲያው ደግሞ ትከሻዋን ይዛ ነቀነቀቻት። «ምን ብዬ ነበር ያስተማርሁሽ! ምን ብዬ ነበር!»

ሃይሚ ማልቀስ ጀመረች። «ጠየቅሁት እኮ እማ! ቃሉን ካልነገርኸኝ አልሄድም አልሁት። ሰጎን አለኝ።»

የእሌኒ እጅ ከልጅቱ ትከሻ ላይ ወደቀ። ሃይሚ ከተማረችው ውስጥ አንዲት ነገር አላጎደለችም።

«ማን ነገረው፣ እማ?» አለቻት እንባዋን እየጠረገች።