የጠዋቱን ክኒን ያስቀረብኝ አክብሮት

መጀመሪያ የያዘኝ ብርድ ነው። ኅዳር ላይ፣ የፎገራ ሩዝ በሚታጨድበት ሰሞን፣ ቅዳሴ ቆሜ ጥርሴ ተንገጫገጨ። የነቢያት ጾም ከገባ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። በነጋታው ባለቤቴ ወረታ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። ደሜ ታይቶ ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት ተገኘ።

ያየችኝ የውጭ አገር የሕክምና ተማሪ ናት። ከጓደኞቿ ጋር ለሦስት ሳምንት የመጣች፣ ስለ ባህላችንም አስቀድማ ሥልጠና የወሰደች። መስቀሌን አይታ ጎንበስ አለች። ክኒኑ አርቴሜተር-ሉሜፋንትሪን ነው፤ ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ ጋር፣ ለሦስት ቀን። እሷ ግን በሚያስተረጉምላት ነርስ በኩል «ጾምዎን እናከብራለን፤ የጠዋቱን ይተዉትና ማታ ማታ ብቻ ይውሰዱ» አለችኝ። ነርሱ የእኛው አገር ሰው ነው፤ ቄስን በጾም «ይብሉ» ማለት አፍሮ ያለችውን እንዳለ ተረጎመልኝ።

እኔስ? ደስ አለኝ። ይህን ስጽፍ በራሴም እናደዳለሁ። የንስሐ አባት ነኝ፤ ለስንቱ ታማሚ «ጾሙ ይቅርብህ፣ መድኃኒትህን ዋጥ» ብያለሁ። ለራሴ መፍታት ግን አልችልም፤ የእኔን ጾም የሚፈቱልኝ የራሴ የንስሐ አባት ናቸው። ቤታቸው እዚያው ወረታ ነው፣ በባጃጅ ይደረስበታል። ማንም አልጠየቀኝም። እኔም አልተናገርሁም።

ክኒኑን በጀመርሁ በሦስተኛው ቀን ሽንቴ ጠቆረ። ባለቤቴን አላወቅኋትም። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የለም።

ሆስፒታል ወስደው አርቴሱኔት የሚባለውን የወባ መድኃኒት በደም ሥሬ ሰጡኝ። ዓይኔን ስገልጥ ሐኪሙ «ወባው ወደ ጭንቅላትዎ ወጥቶ ነበር። ግማሹን ክኒን ማን አስቀረብዎት?» አለኝ። የንስሐ አባቴ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። «ፈትቼልዎታለሁ፤ ይብሉ፣ ይጠጡ» አሉኝ። ይኸው ነው፤ አንድ ደቂቃ አልፈጀም።

ለማገገም እስከ ጥምቀት ቆየሁ፤ መጀመሪያ ግድግዳ ይዤ፣ ቀጥሎ በመቋሚያዬ ተደግፌ፣ በኋላም ብቻዬን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ መሄድ ቻልሁ። ነርሱ ቤቴ ድረስ መጥቶ ይቅርታ ጠየቀኝ። ተማሪዋ የእኔን ነገር ባህልን አክብሮ የማከም ምሳሌ አድርጋ ለጓደኞቿ እንዳቀረበችና እንደተጨበጨበላት የነገረኝም እሱ ነው። ሲጨበጨብላት እኔ ራሴን ስቼ ነበር።

ለሐኪሙ፣ ለባለቤቴና ለንስሐ አባቴ ምስጋናዬ አያልቅም። በጾም የታመማችሁ ሁሉ፣ ክኒን ከመተዋችሁ በፊት ወደ ንስሐ አባታችሁ ላኩ። ለጥቂት ሳምንት የምትመጡ ተማሪዎችም በሥልጠና የሰማችሁትን ይዛችሁ በእኔ ላይ አትወስኑ። ያቺ ልጅ «ሲታመሙ ጾምዎን ማን ይፈታልዎታል?» ብላ ብትጠይቀኝ ኖሮ፣ ስማቸውንም ቤታቸውንም እነግራት ነበር።