ከራሱ ጋር የተጣላ ደም

እናቴ ባሌን «ትኋኑ» ነበር የምትለው። የሰው ደም እየቀዳ ይኖራል ብላ። ሆስፒታል ውስጥ የላቦራቶሪ ባለሙያ መሆኑን ባስረዳት፣ «ታዲያ ትኋንስ ሌላ ምን ይሠራል?» አለችኝ፤ እኔም ተውኩት።

ሥራው የደም ዓይነት መለየት ነው። ነጭ ሳህን ላይ ደም ጠብ ያደርግና መለያውን ፈሳሽ ጨምሮ ሳህኑን ወዲህ ወዲያ ያዘነብላል። ደሙ እንደተበላሸ ወተት ከጓጎለ አንድ ነገር ነው፤ ልሙጥ ሆኖ ከፈሰሰ ሌላ። ይኸው ልማድ ቤት ድረስ ተከትሎት መጥቷል። ሻይ ብሰጠው ያዘነብላል፣ ሾርባ ባቀርብለት ያዘነብላል። በሠርጋችን ቀን እንኳ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስቶ አጋድሎ ሲመረምር እናቴ አይታዋለች። «ልጄን ለማን ሰጠኋት!» እያለች ሰነበተች።

እናቴ ውሃ ቀጠነ ብላ የምትጣላ ሴት ናት። ባለፈው ክረምት የጎረቤት ጠብ በአጥር ላይ አሻግራ ለማየት በርጩማ ላይ ወጣች። ጠቡ ሳያልቅ እሷ ወደቀች፤ የጭኗ አጥንት ተሰበረ። ዛሬ በሁለት እግሯ ስለምትሄድ ነው እንደ ልቤ የምስቅባት፤ ያን ቀንስ ሳለቅስ ነው የዋልኩት።

ሐኪሙ የሚስማማት ደም ካልተዘጋጀ ቀዶ ጥገናውን አልጀምርም አለ። የደም ዓይነታችን ከእሷ ጋር አንድ የሆነው ወንድሜ፣ ባሌና እኔ ሰጠን። ባሌ የእያንዳንዳችንን ደም ከእሷ ጋር ቀላቅሎ ሞከረ። እዚህ ላይ መጓጎል ማለት «አይሆንም» ማለት ነው። የወንድሜ ጓጎለ። የእኔ፣ ከማህፀኗ የወጣሁት፣ ጓጎለ። የእሱማ አይነሳ።

«ድሮስ!» አለች እናቴ። «እኔ ከማንም ጋር አልስማማም።»

አፏ ይህን ይበል እንጂ እጇ አንሶላውን ጨምድዶ ይዞ ነበር።

ባሌ ተመልሶ ሄደና፣ እንደ ሥራው ደንብ፣ የእናቴን ደም ከገዛ ራሷ ደም ጋር ሞከረ። ያም ጓጎለ! መጥቶ ሲነግረኝ በእንባዬ መሃል ሳቄ አመለጠኝ። ከመንደሩ ሁሉ ተጣልታ ስትጨርስ ከራሷ ጋር ጀመረች ማለት ነው። እሱ ግን ተስፋ አግኝቶ ነበር የመጣው።

«ከራሱ ጋር የሚጣላን ደም ብዙ ጊዜ የሚያጣላው ብርድ ነው» አለኝ። «ክፍላችን ደግሞ በረዶ ሆኗል። ሲሞቅ ከተላቀቀ ደማችን ይሆናታል። ሞቆም ከጓጎለ ግን…»

ተመልሶ ወደ ላቦራቶሪው ገባ።

መብራት ጠፍቶ ማሞቂያው ቆሟል። ስለዚህ ባሌ የእሷና የእኛ ደም የተቀላቀለባቸውን ብልቃጦች በጨርቅ ጠቅልሎ ብብቱ ውስጥ ወሸቃቸውና ክንዱን ከጎኑ አጣብቆ እናቴ አልጋ አጠገብ መጥቶ ተቀመጠ።

«ምን ደብቀህ ነው?» አለችው።

«እርስዎን ነው፣ እማማ።»

«የት?»

«ብብቴ ውስጥ።»

ክፍሉን በጩኸት የምታፈርሰው መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ብብቱን አተኩራ አየች።

«ሞቆም እምቢ ካለስ?» አለች ቀስ ብላ።

ባሌ ክንዱን ይበልጥ ከጎኑ አጣበቀ። እናቴን ፈርታ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር፤ አንጀቴን በላችው። ወዲያው ብርድ ልብሷን ከላይዋ ገፈፈችና ትከሻው ላይ ወረወረችለት።

«ተጠቅለል! እንደ ውሻ አፍንጫ ቀዝቅዘህ እኔን ልታሞቅ ነው?»

«እማማ፣ እርስዎን ይበርድዎታል…»

«እኔ እዚያ ነው ያለሁት! ዝም ብለህ ሙቅ!»

እሷ በስስ አንሶላ እየተንቀጠቀጠች ስትሰድበው፣ እሱ እንደ አራስ ተጀቡኖ ሲሰደብ ቆዩ። በመጨረሻ ብርድ ልብሱን እንደለበሰ ተነስቶ ወደ ላቦራቶሪው ሮጠ፤ እኔም ተከተልኩት። ብልቃጦቹን በመስኮቱ ብርሃን ላይ አንስቶ አዘነበላቸው። ደሙ ልሙጥ ሆኖ ወረደ። የወንድሜም፣ የእኔም፣ የእሱም።

ሊነግራት ተመልሶ አልጋዋ ጫፍ ሲቆም እንባው ቀድሞት በጉንጩ ወረደ። እናቴ ይህን አይታ ፊቷ ዐመድ መሰለ።

«ተስማማ፣ እማዬ! ተስማማ!» ብዬ ከኋላው ጮህኩ።

እናቴ ዓይኖቿን ጨፍና ረጅም ትንፋሽ ለቀቀች። ከዚያ እጁን ይዛ ጎትታ አጠገቧ አስቀመጠችውና በብርድ ልብሱ ጫፍ ፊቱን ጠረገችለት።

«የምቆረጠው እኔ፣ የምታለቅሰው አንተ! ኧረ ተው ልጄ» አለችው።

ሊወስዷት ሲመጡ ጣቶቿን ከእጁ ያላቀቀችው ነርሷ ናት።